ቁርጭምጭሚት ለምን ይደርቃል? ምንስ ያፍታታዋል?

ደረጃ ሲወርዱ ጎናቸውን አዙረው፣ አንዱን እግር አስቀድመው ሌላውን እያስከተሉ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። ከቡና በርጩማ ሲነሱ ለጥቂት እርምጃ የሚያነክሱ፣ ሲሰግዱ አንዱ እግራቸው አልታጠፍ የሚላቸው፣ ቁጢጥ ማለት ካቆሙ ዓመታት ያለፏቸውም አሉ። አንዱ ጉልበቴ ነው ይላል፣ ሌላው ብርድ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ለዕድሜ ሰጥቶ ይተወዋል። ሲመረመር ግን ችግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። መነሻው ሲጠየቅም «ድሮ አንዴ ወለም ብሎኝ ነበር» የሚል መልስ ይመጣል።

ስለ ቁርጭምጭሚት ሐኪሙ፣ ወጌሻው፣ አሠልጣኙና ጎረቤቱ የየራሳቸውን ይመክራሉ። ምክራቸውን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አንድ ጉድለት ይታየዋል። ሁሉም የሚጣደፈው ሕመሙን ለማስታገስና እብጠቱን ለማጉደል ነው፤ መገጣጠሚያው እንደ ቀድሞው መታጠፍ መዘርጋቱን የሚያረጋግጥ የለም ማለት ይቻላል። ድርቀቱ ሥር የሚሰደው እዚያ ላይ ነው።

መገጣጠሚያው ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት ነው። ከላይ የሚወርዱት ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች በውስጥና በውጭ የሚዳሰሱትን ጉብታዎች ሠርተው ታለስ የሚባለውን አጥንት ከላይና ከሁለት ጎን ያቅፉታል። ታለስ ፊቱ ሰፊ፣ ኋላው ጠባብ ነው። የእግር ጣቶች ወደ ቅልጥም ሲሳቡ ሰፊው ክፍል ወደ መሐል ገብቶ ጥብቅ ይላል፤ ጣቶቹ ወደ ታች ሲዘረጉ ደግሞ ጠባቡ ክፍል ይገባና መገጣጠሚያው ይላላል። ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴት፣ ከዝላይ በጣቱ የሚያርፍ ኳስ ተጫዋች፣ በጨለማ ደረጃ የሳተ ሰው ቶሎ ወለም የሚላቸው ለዚህ ነው። ታለስ ሌላም የተለየ ጠባይ አለው፤ አንድም ጡንቻ አልተያያዘበትም። የሚንቀሳቀሰው ከላይና ከታች ያሉት አጥንቶች ሲገፉት ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው ሽፋን በጠባሳ ከተኮማተረ ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ ሰውየው ካላንቀሳቀሰው በቀር ራሱን አያላቅቅም።

ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ወደ ላይ 20 ዲግሪ፣ ወደ ታች 50 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። በሜዳ ላይ ለመራመድ ወደ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ብዙ ሰው ድርቀቱን ሳያውቀው ዓመታት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አስፋልት ላይ ሲሄድ ምንም አይሰማውም፣ የሚጋለጠው ቁልቁለት ሲወርድና ቁጢጥ ሲል ነው። እግርን ወደ ጎን መገልበጥ ደግሞ ከታለስ በታች፣ ከተረከዝ አጥንት ጋር ያለው ሌላ መገጣጠሚያ ሥራ ነው። ኮብልስቶንና የእንጦጦ ድንጋያማ መንገድ የሚፈትኑት እሱን ነው።

አብዛኛው ወለምታ የሚደርሰው እግር ወደ ውስጥ ሲገለበጥ ነው። ቀድሞ የሚጎዳውም ከውጭኛው ጉብታ ፊት ለፊት ያለው፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ነው። ይሳሳባል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ደም ይፈስና ያብጣል፣ ይጠቁራል። ያላስተዋልነው ሌላ ጉዳት ግን አብሮ ይደርሳል። ጅማቱ ውስጥ እግራችን በምን አቅጣጫ እንዳለ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉ። ፍሪማን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ወለም ካለ በኋላ እግር «እየከዳ» የሚያስቸግረው እነዚህ ነርቮች ስለሚጎዱ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ በሚወዛወዝ ጣውላ ላይ ቆሞ ሚዛን መለማመድም ከዚያ ወዲህ የተለመደ ሕክምና ሆነ። አንዱ ቁርጭምጭሚት በአንድ ጊዜ ደረቅም ላላም ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው፤ ወደ ፊት አልታጠፍ ይላል፣ ወደ ጎን ግን ይከዳል። ድርቀቱን ብቻ አይቶ የሚያሸው፣ መላላቱን ብቻ አይቶ የሚያስረው ሁለቱም ግማሹን ነው የሚያክሙት። በደብሊን ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለም ብሏቸው ድንገተኛ ክፍል ከሄዱት 40 በመቶው ከዓመት በኋላም ቁርጭምጭሚታቸው አልጸና ብሏቸው ነበር። «ወለምታ ነው፣ ይተዋል» ለምንል ሰዎች ይህ ቁጥር ሊያሳስበን ይገባል።

ወለም እንዳለ የመጀመሪያው ጥያቄ አጥንት ተሰብሯል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ በ1992 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦታዋ ኢያን ስቲልና ባልደረቦቻቸው ያወጡት መመሪያ እስካሁን በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ጣትና ትዕግሥት ነው። ከውስጠኛውም ከውጭኛውም ጉብታ ጫፍ ተነስቶ በኋላ ጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ አጥንቱን ጫን እያሉ መሄድ፤ ቀጥሎ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ በእግሩ ውጭኛ ጎን አጋማሽ ላይ ያለውን ጉብታ፣ ከዚያም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለውን አጥንት መጫን ነው። ከእነዚህ በአንዱ አጥንቱ ራሱ ካመመ፣ ወይም ሰውየው እንደወደቀም ሆነ በኋላ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ያስፈልጋል። አንዱም ከሌለ የስብራት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ሕፃናት፣ በስኳር ሕመም እግራቸው የደነዘዘ ሰዎችና የሰከረ ሰው ግን በዚህ አይመዘኑም። ራጅ ከወረዳ ከተማ በማይገኝበት አገር ይህን መመሪያ እያንዳንዱ ጤና ኬላ ቢያውቀው በእኔ እምነት ብዙ እግር ይተርፋል።

ከዚያ ቀጥሎ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረት ራሱ የእግር ወለምታ በቅቤ መታሸቱን እንደ ደንብ ይዞ የሚነሳ ነው። ወጌሻው የታመመውን እግር ጭኑ ላይ ያደርጋል፣ ቅቤ ወይም ቫዝሊን በመዳፉ ያሟሙቃል፣ በአውራ ጣቱም ከውጭኛው ጉብታ ሥር እየተከተለ ይወርዳል። ታማሚው «ወይኔ!» ያለበት ቦታ ላይ ይቆምና «ጅማቱ እዚህ ዞሯል» ይላል። ተረከዙን በአንድ እጁ፣ የእግሩን ፊት በሌላው ይዞ ሳብ፣ ጠምዘዝ ያደርገዋል። አንዳንዴ ቋ ይላል። ታማሚው በላብ ተጠምቆ ሲነሳ እውነትም ቀለል ይለዋል።

ይህ መቅለል ውሸት አይደለም። መታሸት የደነገጠ ጡንቻን ያላላል፣ ሕመምን ለጊዜው ይቀንሳል፤ መሳቡም የተያዘ መገጣጠሚያን ትንሽ ሊያላቅቅ ይችላል። ፊዚዮቴራፒስቶችም በእጅ ታለስን ወደ ኋላ እየገፉ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ፤ ኒውዚላንዳዊው ብራያን ማሊጋን ያስፋፉት፣ አጥንቱን በእጅ ወይም በመቀነት ይዞ ታማሚው ራሱ ጉልበቱን ወደ ፊት እንዲያጥፍ የማድረግ ዘዴ በዚህ ይታወቃል። ልዩነቱ ያለው በጊዜውና በልኩ ነው። የመገጣጠሚያው ጅማት በወለምታ አይዞርም፤ የተሳሳበ ወይም የተቀደደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እሱን በኃይል ማሸት ደም መፍሰሱንና እብጠቱን ያባብሰዋል። ስብራት ካለበት ደግሞ መጠምዘዙ አጥንቱን ያንሸራትተዋል።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከእጁ ሳይሆን ከማሰሪያው ነው። በሸምበቆና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ የታሰረ እግር ውስጡ ሲያብጥ ደም ይቋረጥበታል። እግራቸው በዚህ ምክንያት የተቆረጠባቸው፣ ብዙዎቹም ሕፃናት የሆኑ፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ጥናት ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ወጌሾችን ለአንድ ቀን ብቻ ሰብስቦ ማሠልጠን በዚህ ሳቢያ የሚደረገውን መቁረጥ በግልጽ ቀንሶታል። ወጌሻን ከማውገዝ ማሠልጠን እንደሚሻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ለቤተሰብ የሚበቃው እውቀት ደግሞ ይህ ነው፦ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ሳይውል ሳያድር ወዲያው ይፈታ፣ ታማሚውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ዘመናዊው ሕክምናም ቢሆን ሐሳቡን ቀይሯል። ጌብ መርኪን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የስፖርት ሕክምና መጽሐፍ ዕረፍት፣ በረዶ፣ መጠቅለልና እግርን ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር በዓለም አሰራጩ። እኚሁ ሰው በ2014 እ.ኤ.አ. በረዶም ሆነ ፍጹም ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፈው ምክራቸውን ራሳቸው አሻሻሉት። የዛሬው አቋም በአጭሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ለሕመም ማስታገሻ ይጠቅማል፣ እብጠቱን በላስቲክ ባንዴጅ ለስለስ አድርጎ መያዝና እግርን ትራስ ላይ መስቀል ደግ ነው፣ ነገር ግን ስብራት ከሌለ እግሩ ቶሎ ይንቀሳቀስ፣ ሕመሙ በፈቀደ መጠንም ይረገጥበት የሚል ነው። ዳይክሎፌናክ ቅባት ለእንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚሠራ በደንብ ተፈትኗል፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ከክኒኑና ከመርፌው ይልቅ እሱ ይሻላል። በጨው የሞቀ ውሃ ውስጥ እግርን መንከር እብጠቱ ካለፈ በኋላ መገጣጠሚያውን ለእንቅስቃሴ ያዘጋጃል፤ የሚሠራው ሙቀቱ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ግን ውሃውን በእግሩ ሳይሆን በክንዱ ይለካ፤ ሳይሰማው የተቃጠለ እግር ለወራት ቁስል ይዳርጋል።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግርን አንጠልጥሎ፣ በአውራ ጣት ሀ ሁ ሂ እያሉ አየር ላይ መጻፍ ነው። ቁርጭምጭሚቱ በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፣ እብጠቱም ይገፋል። ከዚያ በኋላ ግን ምን ያህል እንደደረቀ መለካት ያስፈልጋል። መለኪያውም ግድግዳ ብቻ ነው።

ጫማዎን አውልቀው ከግድግዳ ፊት ይቁሙ። የአንዱን እግር አውራ ጣት ከግድግዳው ጥቂት ያርቁና ተረከዝዎን ሳያነሱ ጉልበትዎን ወደ ፊት አጥፈው ግድግዳውን ይንኩ። ከነካ እግርዎን ትንሽ ወደ ኋላ ያርቁ፤ ጉልበትዎ ግድግዳውን እየነካ ተረከዝዎ ሊነሳ እስከሚል ድረስ ይቀጥሉ። ጉልበቱ በመሐለኛው ጣት አቅጣጫ ይሂድ፣ ወደ ውስጥ አይውደቅ፤ የእግሩም ቅስት አይደርመስ፣ አለዚያ ልኬቱ ያታልላል። ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለኩ፣ በሌላኛውም እግር ይድገሙት። አንዱ ሴንቲ ሜትር ከሦስት ዲግሪ በላይ መታጠፍ ማለት ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከታየ ድርቀት አለ ማለት ነው። ለውጡንም በየሳምንቱ በዚሁ መከታተል ይቻላል።

ከቁጥሩ የበለጠ የሚናገረው ግን የት እንደያዘዎት ነው። ከኋላ፣ ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ ወጥሮ ከያዘ የሚያስፈልገው የባት ጡንቻን ማሳሳብና ማጠንከር ነው። ጉልበት ተዘርግቶ ሲሳብ ላይኛው የባት ጡንቻ፣ ጉልበት ታጥፎ ሲሳብ የታችኛው ይሳባል፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ሁለተኛውን ይተዋል። ከፊት፣ ከእግር መታጠፊያው ላይ እንደ ወጋ ወይም እንደ ተቀረቀረ ነገር ከተሰማ ግን ባትን ማሳሳብ አያስለቅቀውም። ታለስ ወደ ኋላ መንሸራተት አቅቶታል፣ ወይም ከፊት አጥንት በቅሏል ማለት ነው። የሊቨርፑሉ ቀዶ ሐኪም ማክመሪ በ1950 እ.ኤ.አ. ይህን የአጥንት ብቅለት የኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት ብለው ጽፈውበታል፤ ሲብስ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ከፊት የሚቀረቀረውን በኃይል ወደ ፊት መግፋት ግን ያባብሰዋል እንጂ አያሽለውም። በዚህ ቦታ የፊዚዮቴራፒስት እጅ ያስፈልጋል።

የተረከዝ ጅማት ሕመም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሯጮቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በመጨረሻዋ እርምጃ ሲቀድም ይህ ጅማቱ ታሞበት ነበር። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የሚገትር፣ ሲሄዱ የሚላላ፣ ከሩጫ በኋላ የሚመለስ ሕመም ከሆነ እሱ መሆኑ አይቀርም። ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ሕክምናውን ለውጦታል። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣት ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ከደረጃው በታች ማውረድ፣ ጉልበት ተዘርግቶም ታጥፎም፣ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። ዛሬ ከዚያ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሠራ ይታወቃል፤ ከሁሉም የማይታለፈው ግን ጊዜው ነው። በሁለት ሳምንት ካልዳንኩ ብሎ መተው በዚህ ሕክምና ብዙዎች የሚወድቁበት ስሕተት ነው።

ለመላላቱ የሚበጀው ሚዛን ነው። ጥርስ ሲቦረሽ በአንድ እግር መቆም፣ ሲለምድ ዓይን ጨፍኖ፣ ከዚያ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ መቆም። እነዚህ ቀላል የሚመስሉ ልምምዶች ወለምታ እንዳይደገም እንደሚያደርጉ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ከጄሶ የወጣ እግር ደግሞ ሦስቱንም፣ ማፍታታቱን፣ ማጠንከሩንና ሚዛኑን፣ አንድ ላይ ይፈልጋል። ጄሶ በተፈታ ዕለት «አሁን ድነሃል» ተብሎ የተሸኘ ሰው የተነገረው ስለ አጥንቱ ብቻ ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት ይሠለጥናሉ፤ ከጄሶ ክፍል ወደ እነርሱ መላክ ግን ገና ልማድ አልሆነም። ስለዚህ ታማሚው ራሱ ይጠይቅ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ችግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ከሆነ ነው። ቁርጭምጭሚት የሌላ አካል ሕመምም የሚታይበት ቦታ ነው። ማምሻውን ሁለቱም ካበጡ፣ ጣት ሲጫንም ከጎደጎዱ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ይመርመሩ፤ ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ሊያሳብጠው ስለሚችል ክኒኑን ሳያቋርጥ ሐኪሙን ያማክር። በእርግዝና ላይ ድንገት የመጣ እብጠት፣ በተለይ ከራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ቀጠሮ አይጠብቅም። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በሌሊት ድንገት ቀልቶ፣ አንሶላ እንኳ አላስነካ ያለ መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ዩሪክ አሲድ የሚያመጣው ሪህ ነው፤ ትኩሳት ካለበት ግን መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ለወራት ቀስ እያለ ያበጠ፣ ከክብደት መቀነስና ከማታ ላብ ጋር የመጣ ከሆነ የመገጣጠሚያ ሳንባ ነቀርሳ ይታሰብ። የጠዋቱ ድርቀት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና ብዙ መገጣጠሚያ የሚይዝ ከሆነ የሰውነት መከላከያ ራሱን የሚያጠቃበት ቁርጥማት ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከታከመ መገጣጠሚያው ይተርፋል።

ስለ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በየፋርማሲው ለታይፎይድና ለሽንት ቧንቧ በቀላሉ ይሰጣል። ይህ መድኃኒትና ወገኖቹ የተረከዝ ጅማትን ሊያሳምሙና ሊበጥሱ ስለሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስለጥፎባቸዋል። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው አደጋው ይበዛበታል። ክኒኑን በጀመሩ ቀናት ውስጥ ተረከዝ ከኋላ ካመመ፣ ሩጫውንና ክኒኑን አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚኖሩ ገበሬዎች የሚይዛቸው የእግር ዝሆኔም እዚሁ ይነሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የሠሩት እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ እንደሚመጣ አሳይተዋል። እግሩ ሲወፍርና ቆዳው ሲደድር ቁርጭምጭሚቱ ጭራሽ አልታጠፍ ይላል። በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ሕመም የሚያመጣውን ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሕክምናው ይህን ያህል ርካሽ ሆኖ ሳለ ሰው ከሠርግና ከዕድር የሚገለልበት መሆኑ ያንገበግባል።

በመጨረሻ የሚቀረው ያለቀ መገጣጠሚያ ነው። ዳሌና ጉልበት በአብዛኛው በዕድሜ ሲያልቁ፣ ቁርጭምጭሚት ግን የሚያልቀው በአመዛኙ ከቆየ ስብራትና ከተደጋገመ ወለምታ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገና ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ነው። ክብደት መቀነስ፣ ሶሉ ከፊት ወደ ላይ የተቆለመመ ጫማ፣ ድጋፍ ማሰሪያና ከዘራ ለዓመታት ያቆያሉ። ያ ሲያቅት ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አጥንቶቹን አጣብቆ ሕመሙን ማጥፋት ወይም መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መተካት። የተጣበቀ ቁርጭምጭሚት ሸክም ይችላል፣ በሜዳ ላይ ብዙም ሳያስታውቅ ያስኬዳል፤ ነገር ግን አይታጠፍም፣ አጠገቡ ያሉት መገጣጠሚያዎችም በዓመታት ውስጥ የእሱን ጫና ይሸከማሉ። የተተካው ይታጠፋል፣ ነገር ግን ሊያልቅና እንደገና ሊከፈት ይችላል፣ ከባድ ሥራም አይወድም። ገበሬ ከሆኑ፣ ቁልቁለት የሚወርዱ ከሆነ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው የሚበሉ ወይም የሚሰግዱ ከሆነ ይህን ለቀዶ ሐኪሙ ከፊርማው በፊት ይንገሩት፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው ከራጁ እኩል በዚህ ነው።